መሣሪያው ስሙን ይናገራል፣ ሲስተሙ ያምናል

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የተሠራጨ አንድ ድራይቨር (ሲስተሙ ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር)፣ ደህና ይሠሩ የነበሩ መሣሪያዎችን ከኮምፒውተሩ ሰወራቸው። ድራይቨሩ የኤፍቲዲአይ ነበር፤ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል መስመር የሚቀይሩ ቺፖችን የሚያመርት የስኮትላንድ ኩባንያ ነው። የኩባንያውን ታዋቂ ቺፕ አስመስለው የሠሩ ሌሎች አምራቾች መልኩን ብቻ ሳይሆን ቺፑ ሲጠየቅ የሚሰጠውን ቁጥርም ቀድተውት ነበር፦ የአምራች መለያ 0403፣ የምርት መለያ 6001። አዲሱ ድራይቨር አስመሳይ ቺፕ ሲያገኝ አላቃጠለውም፣ አሠራሩንም አልነካበትም። በውስጡ የተጻፈውን 6001 ብቻ ወደ 0000 ቀየረው።

በቃ። ቺፑ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል፣ ዳታ መላክም መቀበልም ይችላል። ነገር ግን 0000 የሚባል ምርት የኔ ነው የሚል ድራይቨር በዊንዶውስ ውስጥ ስላልነበረ መሣሪያው እንደሌለ ተቆጠረ። የተጠቃሚዎች ቁጣ ሲበረታ ድራይቨሩ ከአፕዴቱ ተነሣ። ሊኑክስ በተባለው ሲስተም በኩል የመጣው መፍትሔ ግን ከቁጣው ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ፕሮግራመሮቹ የዚያው ቺፕ ድራይቨር በሚያውቃቸው ቁጥሮች ዝርዝር ላይ 0000ን ጨመሩ። በዚህ ትንሽ ጭማሪ የተሰወሩት ቺፖች ተመለሱ።

«ኮምፒውተሩ አዲሱን ሃርድዌር አወቀው» ስንል ሲስተሙ መሣሪያውን መርምሮ ምንነቱን የደረሰበት ይመስለናል። እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። ሲስተሙ ይጠይቃል፣ መሣሪያው ቁጥር ይናገራል፣ ሲስተሙም ቁጥሩን አምኖ ከዝርዝር ላይ ይፈልጋል። የዛሬው ምቾት ሁሉ የተገነባው በዚህ እምነት ላይ ነው። ማይክሮሶፍትና አፕል ባለፉት ጥቂት ዓመታት የድራይቨር ሥርዓታቸውን እንደገና መፈተሽ የጀመሩትም እዚሁ እምነት ላይ በደረሰ ጉዳት ነው።

ከመጠየቅ በፊት መገመት ነበር

በ1981 በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ላይ የሚሰኩ ካርዶች የሚጠየቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ካርዱ በተወሰነ አድራሻ ላይ ይቀመጣል፤ የት እንደተቀመጠ ማወቅ የፕሮግራሙና የባለቤቱ ዕዳ ነው። አድራሻውና የኢንተራፕት ቁጥሩ (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) የሚመረጡት በካርዱ ላይ ባሉ ጃምፐሮች በተባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች ነበር። በዚያ ዘመን ጌም የተጫወተ ሰው የሳውንድ ብላስተርን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል፦ አድራሻ 220፣ ኢንተራፕት 5 ወይም 7፣ ዲኤምኤ (ዳታ በቀጥታ ወደ ሜሞሪ የሚያልፍበት መስመር) 1። ሁለት ካርዶች አንድ ኢንተራፕት ከተጋሩ አንዱ ዝም ይላል፣ ወይም ማሽኑ በሙሉ ቀጥ ይላል።

ሲስተሞቹ በራሳቸው ለማወቅ ሲሞክሩ የነበራቸው ብቸኛ መንገድ ወደ አንድ አድራሻ የሆነ ነገር ጽፎ ምን ምላሽ እንደሚመጣ ማየት ነበር። አደጋው ግልጽ ነው። የኔትወርክ ካርድ ፍለጋ የተላከው ትእዛዝ በዚያ አድራሻ ላይ የተቀመጠ የዲስክ ካርድ ካገኘ ውጤቱን ማንም አይተነብየውም። ለዚህ ነው የጥንቱ ሊኑክስ «እነዚህን አድራሻዎች አትንካብኝ» ብሎ ለከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት ለሆነው ፕሮግራም) የሚነግር የማስነሻ ትእዛዝ የነበረው። የዛሬው ሥርዓት በጭፍን ያምናል ብለን ስንተቸው በፊት የነበረው አማራጭ ይህ እንደነበር መርሳት የለብንም።

ባዶ ቦታ እንዴት ይመልሳል?

በ1992 ኢንቴል ያወጣው ፒሲአይ፣ ካርዶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት ስምምነት፣ ነገሩን ገለበጠው። እያንዳንዱ መሣሪያ 256 ባይት የሆነ የመግለጫ ቦታ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ (የዛሬው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ወደ 4096 ባይት አስፍቶታል)። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የአምራቹ መለያ፣ ተከታዮቹ ሁለት የምርቱ መለያ ናቸው። ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል ይጻፋሉ። ኢንቴል ለራሱ የያዘው 8086ን ነው፤ በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ነው። የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች የሚናገሩት 1002 ደግሞ ኩባንያው በ2006 ከገዛው ከኤቲአይ የተወረሰ ነው። ኤቲአይ ራሱን የቻለ ኩባንያ መሆኑ ቀርቷል፤ ቁጥሩ ግን ዛሬም በየካርዱ አለ።

ማሽኑ ሲነሣ ፍለጋው ተራ በተራ ይካሄዳል። እስከ 256 የሚደርሱ መስመሮች፣ በየመስመሩ እስከ 32 መሣሪያዎች፣ በየመሣሪያው እስከ 8 ተግባራት ሊኖሩ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ቦታ የሚቀርበው ጥያቄ «አምራችህ ማነው?» የሚል ነው። ቦታው ባዶ ከሆነ ማንም ስለማይመልስ የሚነበበው ሁሉም ቢት 1 የሆነ ቁጥር፣ ማለትም 65535 ነው። ይህ ቁጥር ለማንም አምራች አይሰጥም። ዝምታው ራሱ መልስ እንዲሆን ተደርጎ የተቀየሰ ነው። የሚመልስ ሲገኝ ደግሞ ወደ ሌላ መስመር የሚያሻግር ድልድይ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ ከሆነ ፍለጋው በድልድዩ ማዶ ይቀጥላል።

የአድራሻ አሰጣጡም ብልሃት አለበት። ሲስተሙ መሣሪያው የጠየቀውን የሜሞሪ መጠን ለማወቅ በተወሰነ ሬጅስተር ላይ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ይጽፋል፣ ከዚያ መልሶ ያነባል። መሣሪያው ሊለወጡ የማይችሉትን ቢቶች 0 አድርጎ ይመልሳቸዋል፤ ከእነዚያ ዜሮዎች ብዛት መጠኑ ይሰላል። ከዚያ በኋላ አድራሻ የሚያድለው ሲስተሙ ነው። ጃምፐሮቹን ያስቀረው ይህ ነው።

በዊንዶውስ 95 ዘመን ይህ ሁሉ ለሕዝብ ሲቀርብ ድራይቨሮቹ ገና ጥሬ ነበሩ። በኤፕሪል 1998 ቢል ጌትስ በተገኙበት የኮምዴክስ መድረክ ላይ ዊንዶውስ 98 ሲታይ፣ በዩኤስቢ የተሰካ አንድ ስካነር ማሽኑን በሰማያዊ ስክሪን ጥሎት አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ስካነሩ ስሙን ተናግሮ ነበር፤ የወደቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ዩኤስቢ፦ በ18 ባይት የሚደረግ ትውውቅ

ዩኤስቢ ከፒሲአይ የሚለየው መሣሪያው በማንኛውም ሰዓት ሊመጣና ሊሄድ መቻሉ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ሶፍትዌር አይደለም፣ አንድ ሬዚስተር ነው። መሣሪያው ከሁለቱ የዳታ ሽቦዎች አንዱን በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሀቡ (ወደቦቹን የሚያስተዳድረው ክፍል) የቮልቴጁን መነሣት አይቶ «እንግዳ አለ» ይላል። በመጀመሪያው የዩኤስቢ ዘመን የትኛው ሽቦ እንደተሳበ በማየት ብቻ የመሣሪያው ፍጥነት ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ያንን ወደብ ሪሴት ያደርጋል። ሪሴት የተደረገ መሣሪያ ሁሉ በአድራሻ 0 ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚስተናገደው። 18 ባይት የሆነ መግለጫው ይነበባል፣ ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱ ይሰጠዋል፣ ከዚያም ዝርዝር መግለጫዎቹ ይከተላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ድራይቨር የሚመደበው ለመሣሪያው ሳይሆን በውስጡ ላሉት «ኢንተርፌስ» የሚባሉ ክፍሎች ነው። ማይክሮፎንና የድምፅ ቁልፎች ያሉት የጆሮ ማዳመጫ በሲስተሙ ፊት የድምፅ መሣሪያም የኪቦርድ ዘመድም ነው፤ ሁለት የተለያዩ ድራይቨሮች ይይዙታል።

መሣሪያው ከአምራቹና ከምርቱ ቁጥር ሌላ የክፍል ቁጥርም ይናገራል። 03 ኪቦርድና ማውስን የመሰሉ የሰው መገልገያዎች፣ 08 ማከማቻ፣ 09 ሀብ ነው። አዲስ የገዛነው ፍላሽ ምንም ሳይጫን የሚከፈተው ሲስተሙ አምራቹን ስለሚያውቅ አይደለም። ፍላሹ «08 ነኝ» ስላለና ለ08 የሚሆን አንድ የጋራ ድራይቨር ስላለ ነው። በ2011 የወጣው ኤንቪኤምኢ የተባለው ስምምነትም ለኤስኤስዲ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ማን ሠራው ሳይባል በአንድ ድራይቨር የሚነዳ ዲስክ። ከሃያ ዓመት ወዲህ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ለተጠቃሚው የበለጠ የጠቀመው እነዚህ አሰልቺ የክፍል ቁጥሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከቁጥር ወደ ድራይቨር

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ሊኑክስና ዊንዶውስ በየፊናቸው ይሄዳሉ።

በሊኑክስ እያንዳንዱ ድራይቨር ሲጻፍ የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ሠንጠረዥ ይዞ ነው። ዴፕሞድ የሚባል ፕሮግራም የሁሉንም ድራይቨሮች ሠንጠረዥ ሰብስቦ ሞጁልስ.አሊያስ በሚባል አንድ ፋይል ያስቀምጣል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ከርነሉ ቁጥሮቹን በአንድ ረጅም መስመር አሰናድቶ መልእክት ይልካል፤ ዩዴቭ የተባለው አገልግሎት ይቀበለውና በሞድፕሮብ መሣሪያነት መስመሩን ከፋይሉ ጋር ያስተያያል፤ የገጠመው ድራይቨር ይጫናል። ሊኑክስ ከሌላ ኮምፒውተር በተነቀለ ዲስክ እንኳን ብዙ ጊዜ ያለ ችግር የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ምርጫው በየማስነሻው እንደ አዲስ ይደረጋል።

ስም መግጠም ግን የጋብቻው መጨረሻ አይደለም። ከርነሉ የድራይቨሩን «ፕሮብ» የተባለ ክፍል ይጠራል፤ ድራይቨሩ መሣሪያውን አናግሮ እሺ ወይም አይሆንም ይላል። ከ2012 ጀምሮ ሦስተኛ መልስ ተጨምሮለታል፦ «አሁን አይደለም፣ የምፈልገው ሌላ መሣሪያ ገና አልተነሣም፣ ቆይተህ ጥራኝ»። በተለይ በስልኮችና በትናንሽ ቦርዶች ላይ ይህ መልስ በየማስነሻው ብዙ ጊዜ ይሰማል።

በዊንዶውስ ቁጥሮቹ የሚጻፉት አይኤንኤፍ በተባሉ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ነው። መሣሪያው ከዝርዝሩ እስከ ጥቅሉ የሚሄዱ ብዙ መለያዎችን ያቀርባል፤ በመጀመሪያ «ይህ አምራች፣ ይህ ምርት፣ ይህ እትም»፣ በመጨረሻ «ማንኛውም የዚህ ክፍል መሣሪያ»። ይበልጥ ዝርዝር በሆነው መለያ የገጠመ ድራይቨር ይቀድማል፣ የዲጂታል ፊርማ ያለውም ከሌለው ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ቀኑ ይታያል፣ ቀኑም እኩል ከሆነ ቨርዥኑ።

የቀኑ ነገር አስቂኝ ውጤት አለው። በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለን የማይክሮሶፍት ድራይቨር ብትከፍቱ ትናንት የታደሰ ቢሆንም እንኳን ቀኑ ጁን 21፣ 2006 ይላል። ሆን ተብሎ ነው፤ አምራቹ የሚያቀርበው ድራይቨር በቀን ውድድር ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ። ኢንቴል ደግሞ ለቺፕሴት ፋይሎቹ የሰጠው ቀን ጁላይ 18፣ 1968 ነው፤ ኩባንያው የተመሠረተበት ዕለት። «ድራይቨርህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያረጀ ነውና አድስ» እያሉ የሚያስፈራሩ የድራይቨር ማደሻ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ይህንን ቀን ነው። አብዛኞቹ ጥቅም የሌላቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከጥቅም አልባነት የከፉ ናቸው።

ሰንሰለቱን ያወቀ ሰው ብልሽትን ማንበብም ይቀለዋል። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ኮድ 28 ማለት መሣሪያው ስሙን ተናግሯል፣ ድራይቨር ግን አልተገኘለትም ማለት ነው። እዚህ ላይ ድራይቨር መፈለግ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ በዚያው መስኮት «ሃርድዌር አይዲ» በሚለው ሥር አለ፣ እሱን መፈለግ የሞዴሉን ስም ከመፈለግ ይሻላል። ኮድ 10 ሲሆን ድራይቨሩ ተገኝቷል፣ ሥራ መጀመር ነው ያቃተው። ኮድ 43 ሆኖ «የመሣሪያውን መግለጫ ማንበብ አልተቻለም» የሚል ሲታከልበት ግን መሣሪያው ስሙን እንኳን መናገር አልቻለም። በዚህ ጊዜ ኬብል፣ ወደብ፣ ኃይል ነው የሚፈተሸው። ያልተሰማ ስም ከየትኛውም ዝርዝር ላይ ስለማይገኝ፣ ለኮድ 43 ሌሊቱን ሙሉ ድራይቨር ሲያወርዱ ማደር ከንቱ ድካም ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ችግር፣ ዊንዶውስን ለመጫን ሲሞከር «ዲስክ የለም» የሚለው ነው፤ በተለይ ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ ባሉ ላፕቶፖች። ዲስኩ አለ፤ ነገር ግን ቪኤምዲ ከተባለ የኢንቴል ተቆጣጣሪ በስተጀርባ ነው። ፍለጋው ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ ስለሚሄድ የተቆጣጣሪው ድራይቨር ከሌለ ከማዶው ያለው አይጠየቅም። የቪኤምዲን ድራይቨር በፍላሽ ይዞ ማቅረብ ወይም በባዮስ ማጥፋት ይፈታዋል። ሊኑክስ የዚህን ዓይነት እንቆቅልሽ (ዲስኩን ለማንበብ የሚያስፈልገው ድራይቨር ዲስኩ ላይ ነው) የሚያልፈው ከከርነሉ ጋር አብሮ ወደ ሜሞሪ በሚጫን ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ትንሽ የፋይል ጥቅል ነው።

የማይናገሩት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው የሚጠየቅ መሣሪያ ሲኖር ነው። በስልክ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ክፍሎች ግን አይጠየቁም። የሙቀት መለኪያው፣ የባትሪ ቺፑ፣ የንክኪ ስክሪኑ አይቱሲን በመሳሰሉ ቀላል መስመሮች ላይ የተሰቀሉ ናቸው፤ በእነዚህ መስመሮች ላይ «ማን ነህ?» የሚል ስምምነት የተደረሰበት ጥያቄ የለም። በፒሲ ላይ ይህን ክፍተት የሚሞላው ከ1996 ጀምሮ ኤሲፒአይ ነው፤ የማዘርቦርዱ ፈርምዌር (በራሱ በሃርድዌሩ ውስጥ የተቀመጠው ሶፍትዌር) የማይናገሩትን ክፍሎች ወክሎ ዝርዝራቸውን ለሲስተሙ ያቀርባል።

በአርም ፕሮሰሰሮች ዓለም ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ወኪል አልነበረም። ለእያንዳንዱ ቦርድ የቦርዱ ዝርዝር በከርነሉ ኮድ ውስጥ ይጻፍ ነበር። ቦርዶቹ በመቶ ሲቆጠሩ ኮዱ ተከመረ፤ በማርች 2011 ሊኑስ ቶርቫልድስ በተለመደ ቁጣቸው በቃኝ አሉ። መፍትሔ የሆነው ዲቫይስ ትሪ ነው፦ በቦርዱ ላይ ምን የት እንዳለ የሚዘረዝር፣ ከከርነሉ የተለየ ፋይል። በዲሴምበር 2012 በወጣው ሊኑክስ 3.7 አንድ ከርነል ብዙ ዓይነት የአርም ቦርዶችን ማስነሣት ቻለ።

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አዲስ ሲስተም በአንድ ሰዓት ሲጫን፣ ከላፕቶፑ በዕድሜ ያነሰ ስልክ ግን ያለ አምራቹ ፈቃድ የማይታደስበት አንዱ ዋና ምክንያት እዚህ አለ። ላፕቶፑ ራሱን ይዘረዝራል። የስልኩ ዝርዝር ግን በአምራቹ እጅ ነው፤ ድራይቨሮቹም ለአንድ የከርነል ቨርዥን ብቻ የተሰፉ ናቸው። ሊኑክስ በከርነሉና በድራይቨሮቹ መካከል ያለውን ውል ላለመቀየር ቃል ገብቶ አያውቅም፤ ኮዳችሁን ወደ ዋናው ከርነል አስገቡ፣ እኛ አብረን እንለውጠዋለን ነው የሚለው። የቺፕ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ አያስገቡም። ጎግል በ2017 በአንድሮይድ 8 የአምራቹን ኮድ ከአንድሮይድ የሚለይ ትሬብል የተባለ አሠራር አመጣ፤ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ደግሞ ለሁሉም አንድ የጋራ ከርነል ሆኖ የአምራቹ ድራይቨሮች በተረጋጋ ውል ከጎን እንዲሰኩ አደረገ። በሌላ አነጋገር ሊኑክስ እምቢ ያለውን ውል ጎግል በራሱ ቅጂ ላይ ፈረመው።

እምነቱ ሲሰረቅ

በኦገስት 2014፣ የኤፍቲዲአይ ጉዳይ ከመፈንዳቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች በብላክ ሃት ጉባኤ ላይ ባድዩኤስቢን አሳዩ። የፍላሽን ፈርምዌር ቀይረው «03 ነኝ፣ ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አደረጉት። ኮምፒውተሩ አመነ። «ኪቦርዱ» ትእዛዞችን በፍጥነት መጻፍ ጀመረ፤ ሲስተሙም የባለቤቱ ጣቶች መስለውት ፈጸማቸው። በዚህ ውስጥ የተሰበረ ነገር የለም፤ ሁሉም ክፍል እንደተቀየሰው ነው የሠራው። አንቲቫይረስ የፍላሹን ፋይሎች ቢያይም ፈርምዌሩን ስለማያይ አይደርስበትም።

በሌላው ጫፍ ያለው ድራይቨርም ይታመናል፤ እዚያ ያለው ጉዳት ደግሞ ይበልጣል። ድራይቨር በአብዛኛው የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ፣ ያለ ምንም አጥር ነው። በ2001 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የሊኑክስንና የኦፕንቢኤስዲን ኮድ ሲመረምሩ የድራይቨሮች የስህተት መጠን ከቀረው ከርነል ከ3 እስከ 7 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አገኙ። ዛሬ ከሊኑክስ ከርነል ኮድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው።

ማይክሮሶፍት መልስ ያደረገው ፊርማን ነው። ከ2007ቱ ባለ 64 ቢት ቪስታ ጀምሮ ያልተፈረመ የከርነል ድራይቨር አይጫንም። ፊርማ ግን የጻፈውን ማንነት እንጂ የተጻፈውን ጥራት አይመሰክርም። በ2010 የተገኘው ስተክስኔት የሪልቴክንና የጄማይክሮንን ትክክለኛ ፊርማ የያዙ ድራይቨሮች ነበሩት፤ ቁልፎቹ የተሰረቁ ነበሩ። አሁን አሁን አጥቂዎች ስርቆትም አያስፈልጋቸውም። ቀዳዳ ያለበትን፣ በሕጋዊ መንገድ የተፈረመ የድሮ ድራይቨር ይዘው መጥተው ራሳቸው ይጭኑታል፣ በቀዳዳው በኩልም ከርነል ውስጥ ይገባሉ። ዊንዶውስ 11 ከ2022ቱ እትም ጀምሮ የነዚህን ድራይቨሮች ጥቁር መዝገብ በነባሪነት ያበራል፤ መዝገቡ ግን ሁልጊዜ ከአጥቂው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው።

በጁላይ 19፣ 2024 የደረሰውን ለማስታወስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር የሚነዳው ሃርድዌር የለውም፤ ነገር ግን ሁሉን ለማየት ሲል እንደ ድራይቨር፣ ያውም ማሽኑ ሲነሣ ቀድመው እንደሚጫኑት ድራይቨሮች ይጫናል። የተላከለት አንድ የተሳሳተ የዳታ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ማሽኖችን ጣለ። ቀድሞ የሚጫን ስለሆነም ማሽኖቹ ደግመው ሲነሡ ደግመው ወደቁ።

ድራይቨሩን ከከርነል ማውጣት

አሁን የሚታየው ጉዞ በሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ ድራይቨሩን ከከርነሉ ማስወጣት ነው። አፕል በ2019 በማክኦኤስ ካታሊና ድራይቨርኪትን አመጣ፤ ድራይቨሩ እንደ ተራ ፕሮግራም ከከርነሉ ውጭ ይሠራል፣ ቢወድቅም ብቻውን ይወድቃል። ማይክሮሶፍትም ከ2024ቱ ውድቀት በኋላ የደህንነት ሶፍትዌሮች ከከርነል ውጭ የሚሠሩበትን መድረክ ከአምራቾቹ ጋር ማዘጋጀት ጀምሯል። ፍጥነት ለሚሹት፣ ለግራፊክስ ካርዶች በተለይ፣ ይህ መንገድ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው አቅጣጫ የአምራቹን ድራይቨር ጨርሶ አለመፈለግ ነው። ፕሪንተር ጥሩ ምሳሌ ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው እቅድ የፕሪንተር አምራቾች ድራይቨር ቀስ በቀስ ከዊንዶውስ አፕዴት እንደሚወጣ፣ ከ2026 ጀምሮም ሲስተሙ ድራይቨር ሲመርጥ ሁልጊዜ የራሱን የጋራ አይፒፒ ድራይቨር እንዲያስቀድም የምርጫ ደረጃው እንደሚቀየር አስታውቋል። በ2006 ቀን ራሱን ወደ ኋላ ያስቀመጠው የማይክሮሶፍት ድራይቨር አሁን ወደ ፊት ይመጣል ማለት ነው። ለተራ ተጠቃሚ ደግ ዜና ነው። ልዩ ወረቀት፣ ልዩ ቀለም፣ ልዩ ማጠፊያ የሚጠቀም ማተሚያ ቤት ግን ሊያማርር ይችላል፤ የጋራ ድራይቨር የሚያውቀው የጋራውን ነው።

በሁለቱም መንገድ ውስብስብነቱ አይጠፋም፣ ወደ ፈርምዌር ይሸሻል። ዛሬ የዋይፋይ ካርድ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ድራይቨሩ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው የተዘጋ የፈርምዌር ፋይል ወደ ካርዱ መጫን ነው። ዴቢያን ለዓመታት እንዲህ ያሉ ነጻ ያልሆኑ ፋይሎችን ከመጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ አብረው እንዲገቡ ፈቀዱ። በዋይፋይ ብቻ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ላፕቶፕ ላይ የዋይፋዩን ፈርምዌር ከኢንተርኔት አውርድ ማለት እንደማያዋጣ ግልጽ ሆኖ ነበር።

የስሙን እምነትስ ማን ያጠብቀው? መሣሪያው ቁጥር ከመናገር አልፎ በዲጂታል ሰርተፊኬት ማንነቱን እንዲያረጋግጥ የሚያደርጉ ስምምነቶች አሉ፤ ለዩኤስቢ ታይፕ ሲ በ2016 ወጥቷል፣ በሰርቨሮች ዓለም ኤስፒዲኤም የተባለው አለ። ሰርቨር ለሚገዛ ድርጅት ወጪው ያዋጣል። ለአንድ ርካሽ ማውስ ግን የሚከፍልለት የለም፤ ቢከፈልለትም የትኛው አምራች ይታመን የሚለውን የሚወስነው ሌላ ባለሥልጣን ይሆናል።

አፕል በ2022 በማክኦኤስ ቬንቹራ የመረጠው ርካሹን መንገድ ነው፦ አዲስ ዕቃ ሲሰካ ባለቤቱን መጠየቅ። «ይህ ዕቃ እንዲገናኝ ትፈቅዳለህ?» ይላል፤ እሺ እስኪባል ዳታ አያልፍም። ጥያቄው የሚመጣው ግን የአፕል ቺፕ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ብቻ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ኪቦርድና የመዳሰሻ ሰሌዳ አለው። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የመጀመሪያ ዕቃ ኪቦርዱ ራሱ ሲሆን «እፈቅዳለሁ» የሚለውን በምን ይጫኑታል?